ከፊትዎ ማን ነበር?

የምሠራበት ድርጅት ሰው ሠራሽ እግር ይሠራል። ምድር ቤት ያለው ወርክሾፕ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ይውላል፤ ጀሶ ይበጠበጣል፣ ፕላስቲክ ይሞቃል፣ ብረት ይሞረዳል። ነጩ የጀሶ ብናኝ ደረጃውን ተከትሎ ይወጣና የእኛ ኮምፒውተሮች ላይ ይተኛል። እኛ የምንባለው ሁለት ሰዎች ነን፤ እኔና አለቃዬ። ሥራችን ዳታቤዙን መጠበቅ ነው፤ ማን ተመዘገበ፣ መቼ ተመዘገበ፣ ተራው የማን ነው የሚለው ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው ያለው። የወርክሾፑ ሰዎች ደረጃ ላይ ሲያገኙን «አንዲት ጣት ሳትሠሩ እግር ሠሪ የምትባሉ እናንተ ብቻ ናችሁ» እያሉ ይቀልዱብናል።

አለቃዬን ሰው ሁሉ እትዬ ቆይ ይላቸዋል። ስሙ የወጣላቸው ከገዛ አፋቸው ነው። ችግር የገጠመው ሰው እየሮጠ ወደ ቢሮው ሲገባ፣ እጃቸውን ከኪቦርዱ ላይ ያነሱና «ቆይ» ይላሉ። ከዚያ ወንበር ይስቡለታል። ከዚያ «መጀመሪያ ያየኸውን ብቻ ንገረኝ፤ የገመትከውን በኋላ» ይሉታል። እንደተቀጠርኩ ሰሞን ይሄ ነገር ያበሳጨኝ ነበር። እኔ ኮሌጅ የተማርኩት ችግርን ቶሎ መፍታት ነው፤ እሳቸው ደግሞ ችግሩን እንደ እንግዳ መጀመሪያ አረፍ ያደርጉታል። እየዋልኩ እያደርኩ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። እኔ ሦስቴ የምነካውን ነገር እሳቸው አንዴ ነክተው ይጨርሱታል።

ባለፈው ዓመት ሰርቨሩ አርጅቶ ዳታቤዙን ወደ አዲስ ስሪት ማዛወር ግድ ሆነ። እትዬ ቆይ ለዚህ ሥራ ወራት ተዘጋጁ። በሙከራ ቅጂው ላይ አዲስ ሰው መዘገቡ፤ ስልክ የሌለው ሰው መዘገቡ፤ ዕድሜውን የማያውቅ ሰው መዘገቡ፤ አንዱን ሰው ሁለቴ ለመመዝገብ ሞክረው ሲስተሙ እምቢ እንዳላቸው አረጋገጡ። ከሁሉም በላይ ደጋግመው ያዩት የምዝገባውን ሰዓት ነበር። ያን ቦታ ማንም በእጁ አይሞላውም። ሰው ሲመዘገብ ሲስተሙ ራሱ የዚያችን ቅጽበት ቀንና ሰዓት ያስቀምጣል፤ የድርጅቱ ወረፋም በሙሉ የቆመው በእሷ ላይ ነው። ሁሉም ልክ ነበር። አዲሱ ዳታቤዝ ሥራ በጀመረበት ቀን ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ወደ ላይ ወጥተው እትዬ ቆይን ጨበጧቸው። የወርክሾፑ ሰዎችም ለአንድ ቀን ያህል ሳይቀልዱብን ዋሉ።

ነገሩን ያመጣችው ልብስ ሰፊዋ ናት።

ልብስ ሰፊዋ በመኪና አደጋ የግራ እግሯን ከጉልበቷ በታች ያጣች ሴት ናት። የተመዘገበችው ከአዲሱ ዳታቤዝ በኋላ ነው። የምትሠራበት ልብስ ስፌት ቤት ባለቤት የስፌት መኪናዋን ለሌላ ሰው ሳይሰጥ አቆይቶላታል፤ ግን ትምህርት ቤት ሲከፈት የደንብ ልብስ ሥራ ይጎርፋል፣ ያኔ ባዶ መኪና ማቆም እንደማይችል በግልጽ ነግሯታል። መኪናዎቹ በእግር የሚረገጡ ናቸው። በአንድ እግሯ ሞክራው ነበር፤ ስፌቱ እየተንቀጠቀጠ አስቸገራት። ስለዚህ በየጊዜው እየመጣች ተራዋን ትጠይቃለች።

የዚያን ቀን እኔ የመዝገብ ክፍሉን ማተሚያ እየጠገንኩ ነበር። የመዝገብ ክፍሏን ሠራተኛ መስኮት እንላታለን፤ ከጠዋት እስከ ማታ ከመስታወቱ ኋላ ስለማትጠፋ። መስኮት ማንም ያላዘዛት አንድ ልማድ አላት። ተመዝጋቢ ተራውን ሊጠይቅ በመጣ ቁጥር ማኅደሩን ትከፍትና ማስታወሻ የሚለው ቦታ ላይ አንዲት መስመር ትጨምራለች። «ዛሬ መጡ፤ ክራንቻቸው ላልቷል።» «መጣች፤ ልጇን አሟታል።» በሚቀጥለው ሲመጡ «ልጅሽን ተሻላት?» ብላ ትጀምራለች። ሰው ወረፋው ሩቅ ቢሆንበት እንኳ ከእሷ መስታወት ፊት ተኮሳትሮ ሲሄድ አላየሁም።

«እህቴ፣ አንድ ነገር ብጠይቅሽ ትቆጪኛለሽ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ምን ሆነሽ ነው የምቆጣሽ? ጠይቂ እንጂ።»

«መጀመሪያ ስመጣ አሥራ ሁለተኛ ነሽ አልሽኝ። ቀጥሎ ስመጣ ሃያ ምናምነኛ አልሽኝ። እኔ ነኝ ወይስ ወረፋው ነው በክራንች የሚሄደው?»

መስኮት እየሳቀች ስክሪኑን አየች። ሳቋ እዚያው ቀረ።

«ስንተኛ ይላል?»

«ሠላሳ አንደኛ።»

«ይኸውልሽ!» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እግር ልትሰጡኝ ቀርቶ የቀረችኝን ልትወስዱብኝ ነው እንዴ?»

ቀልዷ ነበር፤ ግን ክራንቿን የጨበጠችበት እጅ ቀልድ አልነበረበትም። መስኮት «ስህተት መሆን አለበት፣ እናጣራለን፣ አይዞሽ» አለቻትና እንደ ልማዷ ማኅደሩ ላይ አንዲት መስመር ጻፈች። እኔ ማተሚያውን እንደተበተነ ትቼ ወደ ላይ ሮጥኩ።

«እትዬ፣ ወረፋው ተበላሽቷል!»

«ቆይ» አሉ፤ ወንበር ሳቡልኝ። «ያየኸውን።»

ያየሁትን ነገርኳቸው። ከዚያ የገመትኩትን ልጨምር ስል እጃቸውን አነሱ።

«እሺ። ወረፋውን ክፈተውና ከፊት ያሉትን እነማን እንደሆኑ አንብብልኝ። ስማቸውን አይደለም፤ ስለ እነሱ የሚታየውን።»

አነበብኩ። አንደኛው ከተመዘገበ በኋላ ብቅ ብሎ አያውቅም። ሁለተኛዋም እንደዚሁ። ሦስተኛው አንድ ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው፤ የማስታወሻቸው ቦታ ባዶ ነው። ወደ ታች በወረድኩ ቁጥር ማስታወሻው እየረዘመ ሄደ። መጨረሻ ላይ ያሉት ሰዎች ማስታወሻ ስክሪኑን ይሞላል። ከሁሉም በታች ልብስ ሰፊዋ ነበረች። ከአሥር ደቂቃ በፊት ሠላሳ አንደኛ የነበረችው ሴት አሁን መጨረሻ ሆናለች።



እትዬ ቆይ የሙከራ ቅጂውን ከፈቱ። እዚያ ውስጥ ከዝውውሩ በፊት በራሳቸው ቅጽል ስም የመዘገቡት አንድ የውሸት ተመዝጋቢ አለ። ማኅደሩን ከፈቱና ማስታወሻው ላይ አንዲት አራት ነጥብ ብቻ ጨምረው አስቀመጡት። የምዝገባ ሰዓቱ ከወራት በፊት ከነበረው ተነሥቶ አሁን ግድግዳችን ላይ ያለው ሰዓት የሚያሳየው ሆነ። ነጥቧን አጠፉና ደግመው አስቀመጡ። ሰዓቱ ደግሞ ተቀየረ።

መነጽራቸውን አወለቁ። «አዲስ ሰው ሲገባ በሁሉም መንገድ ሞክሬዋለሁ» አሉ። «የገባውን ሰው መንካት ግን አልሞከርኩም።»

ነገሩ ሲገለጥ ቀላል ነበር። የድሮው ስሪት ሰዓቱን የሚሞላው ሰው ሲመዘገብ አንዴ ብቻ ነው፤ ከዚያ ዞር ብሎ አያየውም። ስናዛውረው የዚያ ቦታ ዓይነት ተቀይሯል። በአዲሱ ስሪት ደግሞ ያ ዓይነት ቦታ፣ «ተው» ብለህ በግልጽ ካልከለከልከው በቀር፣ ማኅደሩ በተነካ ቁጥር ሰዓቱን ወደ አሁን ያድሰዋል። ማንም ያልጻፈው ትእዛዝ ነው፤ ዝም ማለታችንን እንደ እሺታ ቆጥሮታል። የመጣ ሰው ወደ ኋላ፣ የቀረ ሰው ወደ ፊት። ሌላ መሥሪያ ቤት ቢሆን ይህ ስህተት ዓመት ሙሉ ተደብቆ ይቀመጥ ነበር፤ ሊጠይቅ ለመጣ ሰው ማኅደር ከፍቶ ስለ ልጁ ጤና የሚጽፍ ማን አለ?

«መስኮትስ?» አልኩ። «እሷ ናት እኮ በእጇ...»

«ለእሷ እኔ እነግራታለሁ» አሉና ተነሡ።

ተከትያቸው ወረድኩ። መስኮት ሲነገራት እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ወይኔ! እኔ ነኝ እየገፋሁ ወደ ኋላ የጣልኳቸው? ዛሬ ራሱ አይዞሽ እያልኩ?»

«ቆይ!» አሉ እትዬ ቆይ፤ እንደዚያ ጮክ ብለው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። «አንቺ ሥራሽን ነው የሠራሽው። ሲስተሙ ሥራሽን ማወቅ ነበረበት። ለሲስተሙ ያልነገርኩት እኔ ነኝ። እንዲህ ብለሽ ያዢው፤ በሌላ መንገድ እንዳትይዢው።»

መስኮት ራሷን ነቀነቀች፤ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ማስታወሻ መጻፍ አቆመች። በመስታወቱ ቀዳዳ «እንዴት ነዎት» ትላለች፤ እጇ ግን ኪቦርዱን አይነካም።

ቦታውን ማስተካከል የአንድ መስመር ሥራ ነበር። ከዝውውሩ በፊት የተመዘገቡትን ሰዎች ሰዓት ያኔ ካስቀረነው መጠባበቂያ ቅጂ መለስነው። ከዝውውሩ በኋላ የተመዘገቡት ግን ቀሩ። የእነሱ እውነተኛ ሰዓት የተጻፈበት ሌላ ቦታ የለም። እኔ መላ ሳቀርብ እትዬ ቆይ ሲያዳምጡኝ ዋሉ። የማኅደር ቁጥሩስ? ቁጥሩ ሰውየውን ከላከው ሐኪም ቤት ነው የሚመጣው፤ ስለ ተራ የሚናገረው ነገር የለም። ሲስተሙ የተደረጉ ለውጦችን የሚመዘግብበት ፋይልስ? ቦታ እንዳይጨርስ በየጊዜው ራሱን ያጸዳል፤ አጽድቶታልም።

የሚያስቸኩለው ደግሞ ሣጥኑ ነበር። ከብዙ መዘግየት በኋላ አንድ ሣጥን የእግር መሥሪያ ዕቃ ገብቶልናል። የሚቀጥለው መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። ያለው ዕቃ ለአሥራ ሁለት ሰው ይበቃል፤ የአሥራ ሁለቱ ስም በዚያው ሳምንት መለጠፍ አለበት።

ሥራ አስኪያጁ ነገሩን ሲሰሙ አልተቆጡም። ጭንቀታቸው ሌላ ነበር። «ዝርዝሩ ተሳስቷል ብለን አደባባይ ብንወጣ ከዛሬ በኋላ ማን ያምነናል?» አሉ። «በዕጣ እንለየው። ዕጣ ለማንም አያደላም።» ይህን ያሉት ለመሸፋፈን ብለው አልነበረም፤ በእሳቸው ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ የምል ይመስለኛል።

«ዕጣ የምንጥለው የሚያውቅ ሰው ቢጠፋ ነበር» አሉ እትዬ ቆይ። «የሚያውቁ አሉ።»

«እነማን?»

«ራሳቸው ተመዝጋቢዎቹ።»

ሥራ አስኪያጁ ሳቁ። «እትዬ፣ ምን ነካዎት? አንደኛ ማነው ብለው ቢጠይቁ ሁሉም እጁን ነው የሚያወጣው!»

«አንደኛ ማነው ብዬ አልጠይቅማ። ከፊትዎ ማን ነበር ብዬ ነው የምጠይቀው።»

ሥራ አስኪያጁ ሳቃቸውን አቆሙ። እኔም ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው።

ምዝገባ የሚካሄደው ሰኞ ሰኞ ብቻ ነው። ለእግር የሚመጣ ሰው ቆሞ መሰለፍ አይችልም። ስለዚህ በአዳራሹ ግድግዳ ዙሪያ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ፤ የመጣ ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ «የመጨረሻው ማነው?» ይላል፤ አንዱ እጁን ያነሣል፤ መጤውም አጠገቡ ይቀመጣል። አንዱ ሲገባ ሁሉም አንዳንድ ቦታ ይንሸራተታል። ከፊትህ ካለው ሰው ጎን ግማሽ ቀን ትቀመጣለህ። የልጆቹን ቁጥር ታውቃለህ፤ እግሩን እንዴት እንዳጣ ታውቃለህ፤ ምሳውን ትካፈላለህ። እትዬ ቆይ ወደ ሥራ ሲገቡ ሁልጊዜ በዚያ አዳራሽ በኩል ነው የሚያልፉት። እኔ ለሁለት ዓመት የተመላለስኩት በጓሮ በር ነበር።

መስኮት ለሁሉም ደወለች። በቀጠሮው ጠዋት በክራንች፣ በተሽከርካሪ ወንበር፣ በልጅ ትከሻ ተደግፈው መጡ፤ አዳራሹ ሞላ። ሥራ አስኪያጁ ከኋላ ቆሙ። እትዬ ቆይ መሀል ላይ ወጡና ያለ ምንም መግቢያ ተናገሩ።

«ወረፋችሁ ተዛብቷል። ያዛባሁት እኔ ነኝ። ኮምፒውተሩን ሳሳድገው መሞከር የነበረብኝን አንድ ነገር ሳልሞክር ቀረሁ፤ ስለዚህ ተራውን ሊጠይቅ የመጣ ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ሲሄድ ቆየ። የመዝገብ ክፍሏ እህታችሁ በዚህ ጥፋት የለባትም። አሁን ተራውን ልመልስ ነው፤ ያለ እናንተ ግን አልችልም።»

«ልንሰለፍ ነው እንዴ እንደገና?» አለ አንዱ።

«በየትኛው እግርህ!» አለው ጎረቤቱ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሥራ አስኪያጁ ሲተነፍሱ ከኋላ ተሰማኝ።

ስሞቹን በየካርዱ ጽፌ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ በትኛቸዋለሁ። እትዬ ቆይ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄዱ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ እኔ ካርዶቹን እያያዝኩ አስቀምጣለሁ።

«ወንድሜ፣ ከፊትህ ማን ነበር?»

«እኒያ ሬዲዮ የያዙት አባት። ኳሱን አብረን ነው የሰማነው።»

«ሰምተን ሞተናል!» አሉ ባለ ሬዲዮው ከወዲያ ማዶ። «አራት ለባዶ! እግር ያለው ሁሉ ይጫወታል ያለው ማን ነው?»

«አባቴ፣ ከእርስዎስ ፊት?»

«መንታ የወለደች አንዲት ልጅ። አንዱን ሕፃን እኔ ነኝ ያቀፍኩላት። ኮቴን ያበሰበሰው አንደኛው ነው፤ የትኛው እንደሆነ ግን አልለየሁም።»

ባለ መንታዋ ከተሽከርካሪ ወንበሯ ላይ «ሁለቱም ናቸው!» አለች።

እንዲህ እያለ ቀጠለ፤ በየሰኞው መጀመሪያ የገባው ማን እንደነበር፣ ሰኞውም የትኛው እንደነበር አብረውት የተቀመጡት ሁሉ መሰከሩ። ኮሌጅ ሳለሁ እያንዳንዱ ነገር ከፊቱ ያለውን ብቻ እያወቀ ሰንሰለት የሚሠራበትን አደራደር ተምሬያለሁ፤ ፈተናውንም በጥሩ ውጤት አልፌዋለሁ። ሰንሰለቱ አፍ አውጥቶ ሲሳሳቅ ያየሁት ግን የዚያን ቀን ነው። አንድ ሰው ስለ ራሱ ሳይሆን ስለ ጎረቤቱ ይመሰክራል፤ ጎረቤቱ ደግሞ «አዎ፣ እኔ ነኝ» ይላል። መዋሸት የፈለገ ሰው የሁለት ሰው ትውስታ ማሳመን አለበት። እትዬ ቆይ ማንንም «እውነትህን ነው?» ብለው አልጠየቁም። ጥያቄው ራሱ ያከብራቸው ነበር፤ እነሱም ያን ያወቁ ይመስሉ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ጋ ሲደርሱ ሰንሰለቱ ተበጠሰ።

«ከፊቴ ቢጫ ጃንጥላ የያዘ ወጣት ነበር» አለች። «ግን ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ሁለቱም እግሩ ደህና ነው።»

ሰው ሁሉ ተያየ። እንደዚያ ያለ ካርድ ጠረጴዛው ላይ የለም። ሥራ አስኪያጁ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ቀረቡ። እትዬ ቆይ ግን ዝም ብለው ጠበቁ፤ ዝምታቸው ደስ የማይል አልነበረም፤ ወንበር ስበው ሰው የሚያስቀምጡበት ዓይነት ዝምታ ነው። ከማዕዘን አንዲት እናት እጃቸውን አነሡ።

«የኔ ልጅ ነው እሱ። እኔ መጸዳጃ ቤት ሄጄ ተራ ይዞልኝ ነበር። ጃንጥላውም የእኔ ነው፤ እስካሁን አልመለሰልኝም።»

ካርዷን ከእሳቸው ኋላ አስቀመጥኩ። ቆጠርኩ። ከመጠባበቂያው ቅጂ ከመለስናቸው ሰዎች ጀምሮ ልብስ ሰፊዋ አሥራ ሁለተኛ ናት። ቀና ስል እትዬ ቆይም እየቆጠሩ እንደነበር አየሁ። አሁን የቀረው ጥያቄ ከእሷ ኋላ ማን ነበር የሚለው ነው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሰንሰለት ቀርቷል፤ አንዱ በልብስ ሰፊዋ ያልቃል፤ ሁለተኛው በሹፌሩ ይጀምራል። ሹፌሩ ያልተጠየቁ የመጨረሻው ሰው ናቸው። ቁመታቸው ረጅም፣ ካፖርታቸው የተተኮሰ፣ የሱሪያቸው አንድ እግር በመርፌ ቁልፍ ወደ ላይ የተያዘ ሰው ናቸው። በተበላሸው ወረፋ ሦስተኛ ነበሩ፤ መስኮትም ባለፈው ወር ደውላ ተራዎ ደርሷል፣ ዕቃ ሲገባ እንጠራዎታለን ብላቸዋለች።

«ጋሼ፣ ከፊትዎ ማን ነበር?»

ሹፌሩ የክራንቻቸውን ጫፍ ያዩ ጀመር። «ረሳሁት ብል ማን ይከሰኛል?»

«ማንም አይከስዎትም» አሉ እትዬ ቆይ።

 ልብስ ሰፊዋ አንገቷን ደፍታለች፤ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እሷ ከኋላዋ ማን እንደነበር ታውቃለች። መናገር ትችል ነበር፤ ጥያቄው ግን የእሷ አልነበረም፤ የእሳቸው ነው።

«ይቺው ናት» አሉ ሹፌሩ በመጨረሻ፤ በአገጫቸው አመለከቷት። የካፖርታቸውን ሦስተኛ ቁልፍ በሁለት ጣታቸው ያዙ። ሌሎቹ ቁልፎች በጥቁር ክር ተተክለዋል፤ ያ በሰማያዊ ነው። «ወንበሩ ላይ ቁጭ ብለን ሳለ ተቆርጦ ወደቀ፤ ከቦርሳዋ መርፌ አውጥታ ተከለችልኝ። በየጠዋቱ እቆልፈዋለሁ። እንዴት ብዬ ነው የምረሳት?»

«ታዲያ ሦስተኛ ነዎት ብዬ ስደውልልዎ ምነው ዝም አሉ?» አለች መስኮት፤ አላስቻላትም።

«ማን ጠየቀኝ? ተራህ ደረሰ ተባልኩ። አይ አልደረሰም ብሎ ከስልክ ጋር የሚጣላ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?» አዳራሹ ሳቀ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። «ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽሽም። እሷ ከፊቴ እንደነበረችም አውቅ ነበር። ሰው ቢጠይቀኝ እናገራለሁ ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ እንዳይጠይቀኝም እጸልይ ነበር። ይኸው ጠየቃችሁኝ።»

ካርዳቸውን አሥራ ሦስተኛ ላይ አስቀመጥኩት። ካርድ ሳስቀምጥ እጄ የከበደኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እትዬ ቆይ ሣጥኑ ለአሥራ ሁለት ሰው ብቻ እንደሚበቃ እዚያው ነገሯቸው፤ ለስለስ ለማድረግ አልሞከሩም። ሹፌሩ ክራንቻቸውን አደላድለው ያዙ። «እሺ» አሉ። «ግን ለሚስቴ እናንተ ናችሁ የምትነግሩልኝ። ቤት መዋሌ ከእኔ ይልቅ እሷን ነው የሰለቻት።» ከዚያ ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ መኪናሽ ላይ ስትመለሺ የዚህን ሱሪ እግር በመርፌ ቁልፍ ከመያዝ አሳርፊው።»

«ለቁመቱ ልክ እሰፋዋለሁ፣ ጋሼ» አለች። ቀና ስትል ዓይኗ ሞልቶ ነበር። «በኋላ እግርዎ ሲሠራ እንድፈታው ግን ክሩን ላላ አድርጌ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ የአሥራ ሁለቱን ስም በራሳቸው እጅ ለጠፉ። ወጥተው ሲሄዱ እትዬ ቆይን «ጥፋቴ ነው ሲሉ ይሉኝታ አልያዘዎትም?» አሏቸው። «ያዘኝ እንጂ» አሉ እትዬ ቆይ። «ዝም ብል ግን ይብስብኝ ነበር።»

ከዚያ ወዲያ በጓሮ በር ገብቼ አላውቅም።

የሚቀጥለው ሣጥን ቶሎ አልመጣም። ሹፌሩ ክረምቱን በሙሉ በክራንች ገፉት፤ አንዴም ጭቃ ላይ አዳልጧቸው ክንዳቸው ተላልጦ መጡ።  እሳቸው ግን መስታወቱ ፊት ቆመው «ያቺ ልጅ መኪናዋ ላይ ተመለሰች ወይ?» ብለው ጠየቁ። ገና ናት፣ እግሯ እየተለካ ነው ተባሉ። «ፈጠን በሉ እንጂ፤ ሱሪዬ እየጠበቀ ነው» ብለው ሄዱ። ሣጥኑ ክረምቱ ሲወጣ መጣ፤ የመጀመሪያው ዕቃ የወጣው ለእሳቸው ነው።

ልብስ ሰፊዋ ከዚያ በፊት፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል መጣች። ከታች በአዳራሹ ስታልፍ ነው የእርምጃዋን ድምፅ የሰማነው፤ ከክራንች የተለየ ድምፅ ነው፣ አንዱ እርምጃ ከሌላው ትንሽ ጠንከር ያለ። እትዬ ቆይ ከቢሮ ወጥተው ወረዱ፤ እኔም ተከተልኩ። መስታወቱ ፊት ቆማ ነበር። መኪናዋ ላይ ሁለት ቀን ሞክራ፣ መርገጫውን እንደ ለመደችው፣ ስፌቱም ቀጥ እንዳለ ለመስኮት እየነገረቻት ነው። መስኮት እንባዋን እየጠራረገች ትሰማለች። እጆቿ ግን ጭኗ ላይ ናቸው።

«ጻፊ እንጂ» አሉ እትዬ ቆይ።

«አይ፣ እትዬ። ይቅርብኝ።»

«ጻፊ። እኔ እዚህ ነኝ።»

መስኮት ማኅደሩን ከፈተች። ጣቶቿ ኪቦርዱ ላይ ትንሽ ተንጠልጥለው ቆዩ። ከዚያ ጻፈች፤ «መጣች። በሁለት እግሯ።» አስቀመጠችው። ሦስታችንም አንገታችንን አስግገን የምዝገባውን ሰዓት አየን።

«ምን ሆነ?» አለች ልብስ ሰፊዋ ከመስታወቱ ማዶ፣ ፊታችንን አይታ።

«ምንም አልሆነም» አሉ እትዬ ቆይ። ሰው ይህን ቃል እንደዚያ ደስ ብሎት ሲናገር ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም።